ከቃሬዛው ፊት የምትሄደው

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሰው ሲታመም ትከሻ ነበር የሚጠራው። እንደ ዛሬው ስልክ አንስቶ አምቡላንስ ማለት የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ምን የለ። አንዱ ጉብታ ላይ ወጥቶ "የሰው ያለህ፣ ትከሻ፣ ትከሻ" ብሎ ይጣራል፣ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፣ ሁለት አጣና በጠፍር ተወጥሮ ቃሬዛ ይሆናል፣ በሽተኛው ይተኛበታል፣ አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ይከተላል፣ እና ሊማሊሞን ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ነው የምልሽ። መንደራችን ከገደሉ ሥር አይደለም ወይ፣ አንቺ ደባርቅ አድገሽ ታች ያለውን አታውቂውም እንጂ፣ ከእኛ ደጅ ቆመሽ ቀና ብትዪ ደባርቅ ሰማይ ላይ ያለች ነው የምትመስልሽ። መኪናው በጥምዝምዙ ይዞራል፣ እኛ በአቋራጩ ቀጥ ብለን ነበር የምንወጣ። ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው እንኳ ሦስት ጊዜ ያርፋል። እኛ ሰው ተሸክመን።

ስልኩን ቀረብ አድርጊው፣ አፌ ጠማማ ስለሆነ ቃሉ ይፈስብኛል። የሴት አያቴን ነገር ያጫውቱኝ አላልሽኝም? የእሷ ነገር ይኸን አፍ ሳይነካ አያልፍም፣ እደርስበታለሁ።

ታዲያ ቃሬዛው አንድ ነበር። በሽተኛም የሚወጣበት ሬሳም የሚወጣበት ያው እንጨት፣ ያው ጠፍር ነው። ላይ አገር የተወለደ ሰው ቆላ ሲሞት ሬሳው ወደ አባቱ ደብር ይወጣል፣ በሽተኛውም በዚያው መንገድ ይወጣል። እና ሰው ከሩቅ ቃሬዛ ሲያይ ምን ያድርግ? ፊቱ ለብርዱ ተብሎ በጋቢ ተሸፍኗል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ፣ "ወዬ ወዬ" ይላሉ፣ ወንዱ ቆቡን አውልቆ ቀስ እያለ ይመጣል። ለሬሳ ማን ይሮጣል? እና በሽተኛው እዚያ ላይ ተኝቶ የራሱን ለቅሶ ይሰማል። ልብ አድርጊ እስቲ። ሆድሽን ቆርጦሽ ሐኪም ቤት ልትሄጂ ወጥተሽ፣ ሦስት መንደር ተራ በተራ ሲያለቅስልሽ። እኛ ደግሞ ይኸን ወግ ነው ብለን ተቀብለነው ነበር፣ ማንም ምንም አይልም።

አያትሽ አንጓች ይኸን ያየችው በራሷ ነው። እናትሽን ልትወልድ ሁለት ቀን አማጠች፣ አዋላጇ "ይኸስ ከኔ በላይ ነው" አለች፣ ተሸከምናት። እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ነኝ። የመጀመሪያው መንደር ስንደርስ ሴቶቹ ወጡና ጀመሩት፣ "ወዬ ልጅነትሽ፣ ወዬ ወገብሽ" ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ታዲያ በዚያ መሃል ጋቢው ተገለጠና አንድ እጅ ወጣ። "አለሁ" አለች። "አልሞትኩም እኮ እህቴ፣ ይልቅ ባልሽን ጥሪልኝና ይሸከመኝ፣ እነዚህ ደክመዋል።" ሴትዮዋ በድንጋጤ መሬት ላይ ቁጭ። ባልየው ግን መጣ፣ ወንድሙም መጣ፣ ተሸከሙ። ሁለተኛውም መንደር እንደዚሁ፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ። ምጥ ላይ ያለች ሴት እኮ ናት። የራሷን ተሸካሚ ራሷ እየጠራች ደባርቅ ደረሰች፣ እናትሽን በሰላም ተገላገለች።

ከዚያ ወዲያ በቃ፣ ማንም ቃሬዛ ላይ ይተኛ፣ ዘመድ ይሁን ባዕድ፣ የተኳረፍነው ይሁን የታረቅነው፣ ከፊት የምትሄደው አንጓች ናት። ማንም አልመረጣት፣ ማንም ሂጂ አላላት፣ አበል የለው፣ ምስጋናም የለው። ጥሪውን ስትሰማ ሊጥ ላይ ብትሆን ሊጡን ከድና፣ እንግዳ ቢኖር እንግዳውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትወጣለች። ከተሸካሚዎቹ ሃምሳ ስድሳ እርምጃ ትቀድማለች። መንደር ብቅ ሊል ሲል ትጮኻለች፣ "ነፍስ አለው፣ ነፍስ አለው፣ እንባ ያዙ፣ ትከሻ አምጡ።" ድምጿ ደግሞ ቀጭን እንዳይመስልሽ፣ ገደሉ ራሱ ይመልስላታል። ታዲያ ነጠላ ልታዘቀዝቅ የወጣችው ሴት ውሃ ይዛ እየሮጠች ትመጣለች፣ ቆቡን ያወለቀው ወንድ መልሶ ያጠልቅና ትከሻውን ያቀርባል። ያው ሰው እኮ ነው። ሊያለቅስ የወጣው ነው የሚሸከመው። ይኸን ከእሷ በፊት ማን አሰበው? እኔ አላሰብኩትም፣ ስንት ጊዜ ተሸክሜ አላሰብኩትም።

ደግሞ ቁመት ታውቃለች። በዚያ ዳገት ያለ ወንድ ሁሉ ትከሻው የት ላይ እንደሚደርስ በቃሏ ይዛዋለች። "አንተ ከእሱ ጋር፣ አንተ ኋላ ሁን፣ ዳገት ላይ ረጅሙ ከኋላ ነው፣ አለበለዚያ በሽተኛው ይንሸራተታል" ትላለች፣ ወንዶቹም እሺ ብለው ይሰለፋሉ። የመኪናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሌላ ጣጣ ነበር፣ ሾፌር ሬሳ አይጭንም፣ ገድ የለውም ይላሉ። ከሩቅ ቃሬዛና ለቅሶ ካየ ነዳጁን ረግጦ ነው የሚያልፈው። አንጓች ግን መሃል መንገድ ላይ ቆማ "ነፍስ አለው" ስትል ይቆማል፣ ወርዶ ያያል፣ ጋቢውን ገልጣ ታሳየዋለች፣ ይጭናል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? አፈርኩባት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ምን ልደብቅ። ሚስት ከባሏ ኋላ ትሂድ በሚባልበት ጊዜ የኔዋ ከሃያ ወንድ ፊት እየጮኸች። በቤት ውስጥ ጎደለብኝ የምለው የለም፤ እግሬን ሳታጥብ የተኛችበት ቀን አላስታውስም፣ ለብቻችን ስንሆን "አንተ" ትለኛለች፣ ሰው ፊት ግን "አንቱ" ነው፣ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ይኸን ሁሉ እያገኘሁ አፈርኩባት።

አንድ ጊዜ የሚካኤል ማኅበር ላይ ተሰብስበናል፣ ጠላው ገብቷል፣ አንድ ቀልደኛ ሰው ተነሳና ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ በቀጭን ድምፅ "አንተ አጭሩ ፊት፣ አንተ ረጅሙ ኋላ፣ እንባ ያዙ" እያለ በጣቱ ይጠቁም ጀመር። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አያ ዋሴ፣ ለመሆኑ ቤት ስትገባ አንተን የት ነው የምታቆምህ?" አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማኅበሩ ሲበተን የንስሐ አባታችንን ቄስ ንጋቱን "እስቲ ቤት ይግቡልኝ" ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ገና ቁጭ ሳይሉ እሷን ጠራሁና በእሳቸው ፊት፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከቃሬዛ ፊት ሄደሽ ብትጮኺ በሚካኤል ገዝቼሻለሁ" አልኳት። ግዝት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በመልአክ ስም መታሰር ነው፣ ያሰረው ሰው ራሱ "አንስቻለሁ" እስኪል ድረስ አይነሳም። ቄስ ንጋቱ ደንግጠው ቆመው ቀሩ። "አያ ዋሴ፣ ግዝት እንዲህ በችኮላ ይደረጋል ወይ?" አሉኝ። "ተናግሬያለሁ" አልኩ። አንጓች ምን አለች? መሬት መሬቱን አየች፣ "ይሁን" አለች፣ ለቄሱ መቀመጫ አቀረበች።

ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት መሰለሽ። ጥሪው ሲሰማ ብድግ ትላለች፣ ደጃፉ ድረስ ትሄዳለች፣ የበሩን መቃን ይዛ ትቆማለች። ከመቃኑ አታልፍም። በኅዳር የጎረቤታችን እናት ታመሙ፣ ተሸከምናቸው፣ እኔም አለሁበት። ሁለተኛው መንደር ላይ ለቅሶው ሲጀመር አሮጊቷ ጋቢውን ገለጡና "ልጆቼ፣ መልሱኝ፣ አገር ካለቀሰልኝ በኋላ ወዴት ልሄድ" አሉ። ለመንናቸው፣ እንቢ አሉ። መለስናቸው፣ ሳምንትም አልቆዩ፣ ሞቱ። ቢደርሱ ይድኑ ነበር ወይ፣ እሱን እግዜር ያውቃል። ቤት ስገባ አንጓች ቀና ብላ አየችኝ። እራቴን አቀረበችልኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር።

በጥር የኔ ተራ ደረሰ። ገብሱ ዐውድማ ላይ ነው፣ ወንዱ ሁሉ ተበትኖ እህሉን ይወቃል። እኔ ደግሞ ከዳባት ገበያ አንዲት ዳማ በቅሎ ገዝቼ ነበር፣ ለመታየት ነው የገዛኋት እንጂ ያን ያህል የምጭንባት ነገር እንኳ አልነበረኝ። ከኋላዋ ዞሬ ጭነት ሳጠብቅ አንድ ጊዜ በእርግጫ ሰጠችኝ፣ እዚህ ጋ፣ አገጬ ላይ። መንጋጋዬ ለሁለት ሆነ። ጥርሴ አፌ ውስጥ እንደ ሽምብራ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ ደሙ አይቆም፣ ምላሴ አብጦ አፌን ሞላው፣ ቃል የሚባል ነገር የለም። ተጠራ፣ ስምንት ሰው መጣ። ዐውድማው ሩቅ ነው፣ ስምንት ብቻ። ቄስ ንጋቱ ከስምንቱ አንዱ ናቸው፣ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፣ መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተው ትከሻቸውን ሰጡ። እንዳልወድቅ ብለው እጄን ከጋቢው ጋር ጠፍንገው አሰሩኝ፣ አነሱኝ። አንጓች ከኋላ። ገባሽ? ከኋላ፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት።

የመጀመሪያው መንደር ደረስን። "ወዬ አያ ዋሴ፣ ወዬ የበቅሎዋ ጌታ" አሉ። ትስቂያለሽ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ፣ ያኔ ግን ሰውነቴ በረደ። ሰው ሲለቀስለት ሲሰማ የሆነ ነገር ከውስጡ ይለቃል። በእመቤቴ፣ እውነት ሞቼ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። "አለሁ" እንዳልል አፍ የለኝም፣ እጄን እንዳላወጣ ታስሯል። አሮጊቷ "መልሱኝ" ያሉት ያኔ ገባኝ። ሴቶቹ እያለቀሱ ከኋላ ተከተሉን፣ ወንድ ግን አልተጨመረም። የሰሙትም ዐውድማቸው ላይ ሆነው ያማትባሉ። ስምንቱ ሰዎች እየተፈራረቁ፣ እየተንገዳገዱ፣ የመኪናው መንገድ ላይ አደረሱኝ።

ከታች ከዛሪማ በኩል አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ መጣ። ሰዎቹ እጃቸውን አወጡ። ሾፌሩ አየን፣ ቃሬዛ፣ ከኋላው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ለቅሶ። አለፈ። አቧራው ፊቴ ላይ ተበተነ። ቃሬዛውን መሬት አስቀመጡት። አንዱ ቀስ ብሎ፣ የማልሰማ መስሎት፣ "እንግዲህ አለቀ" አለ።

ያኔ አንጓች መጣችና ጎንበስ አለች። "ዋሴ" አለችኝ። በስሜ፣ ሰው ፊት፣ የመጀመሪያዋ ነው። "ታነሳልኛለህ?" አለች። በራሴ ነቀነቅሁ። መንጋጋ ተሰብሮ ራስ መነቅነቅ ምን እንደሚመስል አትጠይቂኝ። ነቀነቅሁ፣ ደግሜ ነቀነቅሁ። ወደ ቄሱ ዞረችና "አባ፣ አነሳልኝ፣ አይተዋል" አለች። ቄስ ንጋቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ፈጣሪያቸውን የሚፈሩ ሰው ነበሩ፣ ላብ በላብ ሆነው "ልጄ፣ ራሱ በቃሉ 'አንስቻለሁ' ካላለ ግዝቱ እንዳለ ነው። በመልአኩ ስም አልዋሽሽም" አሉ።

ከታች ሌላ መኪና ይሰማል፣ ጥምዝምዙን እየዞረ ነው፣ እየቀረበ ነው። እኔ የምሰማው እሱን ብቻ ነው። ይኸም ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ያኔ እንደ ዛሬ መኪና በመኪና አልነበረም። ደሜ እየወረደ ነው፣ ልቤ ከዚያ መኪና ጋር ዳገቱን ይወጣል።

አንጓች ኮረቱ ላይ ተንበረከከች። "እንግዲያው አባ፣ ቀኖናዬን አሁን ይስጡኝ" አለች። ቀኖና ማለት ሰው ላጠፋው የሚታዘዝለት ንስሐ ነው።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አሏት።

"ገና ላጠፋ ነው። ካጠፋሁ በኋላ ለመጠየቅ ጊዜ የለኝም፣ መኪናው ደርሷል።"

ቄሱ አዩአት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቄስ አይቻለሁ፣ ጳጳስም አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም፤ እያዘኑ ነው እንዳልል ይስቃሉ፣ እየሳቁ ነው እንዳልል እንባ አለ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "አርባ ስግደት" አሉ። "ይኸን ጥፋት ባጠፋሽ ቁጥር አርባ ስግደት።" ተሳለመች፣ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እና ጮኸች።

ልጄ፣ ስንት ወር የታፈነ ድምፅ ነው። "ነፍስ አለው፣ ነፍስ አለው፣ እንባ ያዙ፣ ትከሻ አምጡ።" ሊማሊሞ በሙሉ መለሰላት። የሚያለቅሱት ሴቶች በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። ከታች ከዐውድማው ወንዶች መንሻቸውን ጥለው ሲሮጡ ይታያሉ፣ ቅድም ያማተቡት ናቸው። እሷ መንገዱ መሃል ላይ ሄዳ እጇን ዘርግታ ቆመች። መኪናው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ሬሳ አይደለም?" ሲል "ባሌ ነው፣ ራሱን ሲነቀንቅ እይ" አለችው። ነቀነቅሁለት። አይ መከራ፣ የዚያን ቀን የነቀነቅሁትን ያህል ዕድሜ ልኬን አልነቀነቅሁም።

ደባርቅ ደረስኩ፣ ከደባርቅ ጎንደር ላኩኝ፣ በሽቦ አሰሩኝ፣ ተረፍኩ። ሦስት ወር ሙሉ አጥሚት በቀጭን ሸምበቆ እየሳብኩ ነው የኖርኩት፣ አንጓች አንገቴን ደግፋ፣ እያቀዘቀዘች፣ "ትንሽ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" እያለች። የአሮጊቷን ነገር አላነሳችብኝም፣ ግዝቱንም አላነሳችብኝም፣ በቅሎዋንም አላነሳችብኝም። በቅሎዋን ግን ሸጠቻት።

እኔስ? አፌ ሲከፈት "አንስቻለሁ" አልኩ ወይ? አላልኩም። ያለቀ ነገር መሰለኝ። እሷ እንደ ድሮዋ ትወጣለች፣ ትጮኻለች፣ እኔም አልከለክልም፣ ታዲያ ምን ቀረ እላለሁ። ደግሞም ቄሱን ጠርቶ በፊታቸው "ተሳስቼ ነበር" ማለት ከበደኝ። ወንድ ነኝ ባይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ቄስ ንጋቱ ከቅዳሴ ስንወጣ እጄን ይዘው "አያ ዋሴ፣ የቀረህ ቃል የለም ወይ?" አሉኝ። የንስሐ ነገር መስሎኝ "በጾሙ እመጣለሁ አባ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ከዚያም በላይ አይናገሩም፣ የንስሐ ነገር ነው፣ አይወጣም። እሳቸው አረፉ፣ ዓመቱም ሄደ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንጓች ጎህ ሲቀድ ትሰግዳለች። ሰው ይሰግዳል፣ ምን ይገርማል? ብቻ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አትሰግድም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ስትወድቅ ስትነሳ ፀሐይ ይወጣባታል። በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም አይደል? ከጰራቅሊጦስ በኋላ ታዲያ ልክ የላትም፣ ሰኞ ትሰግዳለች፣ ማክሰኞ ትሰግዳለች፣ ጉልበቷ አብጦ ቅቤ እየቀባች ትሰግዳለች። እኔ እኮ እኮራባት ነበር። ማኅበር ላይ ቁጭ ብዬ "የኔ ሚስት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው የምትበረታው" እል ነበር። ሞኝ።

ኋላ ዘመኑ መጣ። አስፋልት ሆነ፣ ስልክ ሆነ፣ አምቡላንስ ሆነ። አምቡላንሱ ግን አስፋልቱ ላይ ነው የሚቆመው፣ ከመንደር እስከ አስፋልቱ ያለው ያው ቃሬዛ ነው፣ እሷም ያችው ናት፣ በሰባ ዓመቷ ምርኩዝ ይዛ ከፊት። አምና ክረምት አልጋ ያዘች። እሷ አልጋ ላይ እያለች የላይ ቤቶችን ምራት ምጥ ያዛት፣ ቃሬዛው በደጃችን ሊያልፍ ሲል "በሩን ክፈትልኝ" አለችኝ። ከፈትኩላት። ከተኛችበት ጮኸች፣ ድምጿ ከአጥራችን አላለፈም። ተሸካሚዎቹ ግን ሰሟት፣ ከአፏ ተቀብለው "ነፍስ አላት፣ ነፍስ አላት" እያሉ ወጡ። እኔ በሩን ይዤ አለቀስኩ።

በነጋታው ማለዳ ስነሳ አልጋዋ ላይ የለችም። መሬት ላይ ናት፣ በክርኗ ተደግፋ ግንባሯን ለማስነካት ትታገላለች። "አንቺ ሴት፣ ተኝቶም እኮ ይጸለያል" አልኳት።

"ጸሎት አይደለም፣ የትናንቷ ልጅ ናት" አለች።

"የትናንቷ ልጅ ምን ሆነች?"

"አርባዋ ነዋ።"

አልገባኝም። "የምን አርባ?" አልኩ። እሷ ደግሞ አለመረዳቴ ገረማት። "ግዝቱ አልተነሳ" አለች፣ እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር፣ "ጨው አልቋል" እንደሚባለው።

ልጄ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት። ለእያንዳንዱ ለወሰደችው ሰው። ለወለደችው፣ ለወደቀው፣ ወባ ላንቀጠቀጠው፣ ያን በማኅበር የቀለደባትን ሰው እንኳ ሆዱ ሲነፋ እሷ ናት የወሰደችው፣ ለእሱም አርባ ሰግዳለች። እኔ በአንድ ቀን ንዴት የጣልኩባት ነገር ነው፣ ቄሱ 'ባጠፋሽ ቁጥር' ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሷ ዕድሜ ልኳን በጉልበቷ ስትከፍለው ኖረች። "በራሴ ነቅንቄልሽ አልነበረም ወይ?" አልኳት። "ቄሱ በቃል ነው አላሉም?" አለች። "ታዲያ ከዳንኩ በኋላ ለምን አልጠየቅሽኝም? አንድ ቃል እኮ ነው፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እንቢ ብትለኝስ?" አለች። "ስግደቱን አውቀዋለሁ፣ እችለዋለሁ። ያንተን መልስ ግን አላውቀውም።"

ይኸን አለችኝ። ስድብ አይደለም፣ ወቀሳም አይደለም፣ እንዲያው ያሰበችውን ነው። ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው መልሴን አያውቀውም።

ምርኩዜን ይዤ እየተጎተትኩ ቄስ ጠርቼ መጣሁ፣ አዲሱን፣ ልጅ ነው። በእሱ ፊት "በሚካኤል የገዘትኳትን አንስቻለሁ፣ ያኔም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ልጁ ቄስ ግራ ገባው፣ "መቼ ነው የገዘቷት አባት?" ሲለኝ ነገርኩት። አንጓች ዓይኗን ጨፍና ሰማች፣ "እግዜር ይስጥህ" አለች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና "የትናንቷ ልጅ ግን ግዝቱ ሳይነሳ ነው፣ የሷ አለብኝ" አለች። ቄሱ ቀርቶልሻል ቢላት እንቢ አለች። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋቢዬን አስቀመጥኩና እኔ ወረድኩላት። እኔ ልስገድልሽ አልኩ።

እሷ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትቆጥራለች። "ግንባርህ መሬት አልነካም፣ ያችን አልቆጥራትም" ትለኛለች። ሰባት ላይ ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ። አሥራ አንድ ላይ መሬቱ ዞረብኝ። እዚያው በግንባሬ እንደ ተደፋሁ ቀረሁ፣ አንጓች "በቃህ፣ ነገ ትጨርሳታለህ" ስትል ይሰማኛል፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማስበው። ይኸ ለአንድ ሰው ነው። ለአንዲት ልጅ ነው፣ ያውም አሥራ አንዱ ብቻ። አራት ቀን ፈጀብኝ አርባውን ለመጨረስ። ጨርሼ ሁለት ሳምንት ቆየች፣ ከዚያ አረፈች።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ሰው ጻድቅ ፍለጋ ገዳም ለገዳም ይዞራል። እኔ አንዷን ቤቴ አስቀምጬ እግሬን አሳጥባት ነበር። ይኸን ጻፊው፣ አትዝለይው።

ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ።

"አባባ፣ እኔም ስወለድ እናቴን በቃሬዛ ነው ያወጧት ይባላል። እውነት ነው ወይ? ነው ያልኩዎት።"

አይ አንቺ፣ አንቺማ ገና ከሆድ ጀምሮ አስቸጋሪ ነበርሽ። እናትሽ ልትወልድ ቆላ እኛ ጋ መጥታ፣ ምጥ ነው ብለን አወጣናት፣ ደባርቅ ስትደርስ ምጡ ተዋት፣ መለሷት፣ በሳምንቱ ደግሞ ተሸከምናት። ሁለቱንም ጊዜ አያትሽ ከፊት ነበረች። ላንቺ የሰገደችው ሰማንያ ነው፣ ልጄ።